ከጋቦሮኒ እስከ ‘ድራጎንስ ዴን’፦ ስቲቨን ባርትሌት ማን ነው? ሀብቱስ ከምን የመነጨ ነው?

ቦትስዋና ውስጥ ከናይጄሪያዊት እናት እና ከእንግሊዛዊ አባት ተወልዶ በሁለት ዓመቱ ወደ ብሪታኒያ የተሻገረው ስቲቨን ባርትሌት፣ በአገሪቱ ስማቸው ደጋግሞ ከሚነሳ ወጣት ባለሀብቶች አንዱ ነው።

የቢቢሲው ‘ድራጎንስ ዴን’ የቴሌቪዥን ዝግጅት ውስጥ እስካሁን ወንበር ከያዙት ባለሀብቶች ሁሉ በዕድሜ ትንሹ እርሱ ሲሆን፣ መጀመሪያ በስክሪን ሲታይ 29 ዓመቱ ነበር። ‘ዘ ዳያሪ ኦፍ ኤ ሲኢኦ’ የተሰኘው ፖድካስቱም በዓለም ላይ ሰፊ አድማጭና ተመልካች ካላቸው ቃለ መጠይቆች ተርታ ተሰልፏል።

የሕይወት ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ አረፍተ ነገር ይጠቃለላል፦ ‘ዩኒቨርሲቲ አቋርጦ፣ ተርቦ፣ በመጨረሻም ሚሊየነር ሆነ።’ ይህ አገላለጽ ብዙ ወጣቶችን የሚያነቃቃ ቢሆንም፣ ሀብቱ እንዴት እንደተገነባ፣ የሚጠቀሱት ቁጥሮች ምን ማለት እንደሆኑ እና የብዙኃንን ጆሮ ያገኘ ባለሀብት ምን ኃላፊነት እንደሚወድቅበት አይናገርም።

ይህ ጽሑፍ እነዚህን ጥያቄዎች ይመለከታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነት በፕሊመዝ

ስቲቨን የተወለደው ኦገስት 26 ቀን 1992 በቦትስዋና ዋና ከተማ ጋቦሮኒ ነው። ከአራት ልጆች የመጨረሻው ነው። ቤተሰቡ ወደ አባቱ አገር ሲመለስ መኖሪያውን ያደረገው በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ በምትገኘው የወደብ ከተማ ፕሊመዝ ነበር።

ስለዚህ የእርሱ ስደት ባሕርና በረሃ አቋርጦ ጥገኝነት ከሚጠይቅ ሰው ስደት ጋር አንድ አይደለም። የአባቱ አገር ብሪታኒያ በመሆኗ፣ ብዙ ስደተኞች ለዓመታት የሚታገሉበት የመኖሪያ ፈቃድ ጥያቄ የታሪኩ ማዕከል ሆኖ አያውቅም።

ሆኖም ከሕዝቧ እጅግ አብዛኛው ነጭ በሆነባት ከተማ ጥቁር እናት ያለው ልጅ ሆኖ ማደግ ቀላል እንዳልነበረ ራሱ በተደጋጋሚ ተናግሯል። ከጎረቤቶቹ ቤት አንጻር የእነርሱ ቤት የተጎሳቆለ እንደነበርና በዚህም ያፍር እንደነበር ያስታውሳል። በልጅነቱ የተሰማው ይህ የማነስ ስሜት በኋላ ላይ ለገንዘብ የነበረውን ጥማት እንደቀሰቀሰው ይገልጻል።

እናቱ የተለያዩ ትናንሽ ንግዶችን እየከፈቱ የሞከሩ ሴት ነበሩ። ስቲቨን ንግድን እንደ ተራ የሕይወት ክፍል ማየት የጀመረው ከእርሳቸው እንደሆነ ይናገራል።

በትምህርት ቤት ግን ውጤታማ አልነበረም። እርሱ እንደሚለው ከክፍል በመቅረቱ ምክንያት ከትምህርት ቤት እስከ መባረር ደርሷል። ያም ሆኖ በዚያው ጊዜ ለተማሪዎች ድግስና ጉዞ በማዘጋጀት የመጀመሪያ የንግድ ሙከራዎቹን ያደርግ ነበር።

አንድ ቀን የቆየው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት

ስቲቨን ከፕሊመዝ ወጥቶ የንግድ ሥራ አመራር ለማጥናት ወደ ማንችስተር ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ አመራ። እርሱ በሚያወሳው መሠረት የተከታተለው አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ አልተመለሰም።

ይህ ውሳኔ ከእናቱ ጋር አቃቃረው። የቤተሰብ የገንዘብ ድጋፍ ስላልነበረው በማንችስተሩ የሞስ ሳይድ ሰፈር ተቸግሮ ኖረ፤ ለመብላት ሲል ምግብ እስከ መስረቅ መድረሱንም በአደባባይ ተናግሯል።

በ18 ዓመቱ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አራት ግቦችን ጻፈ። 25 ዓመት ሳይሞላው ሚሊየነር መሆን፣ ሬንጅ ሮቨር መኪና መግዛት፣ ዘለቄታ ያለው የፍቅር ግንኙነት መመሥረት እና ሰውነቱን ማሳመር የሚሉ ነበሩ።

በ2021 ባሳተመው ‘ሃፒ ሴክሲ ሚሊየነር’ በተሰኘው የመጀመሪያ መጽሐፉ እነዚህን ግቦች መለስ ብሎ ይመረምራቸዋል። መደምደሚያውም ግቦቹ የመነጩት ከምኞት ይልቅ በራስ ካለመተማመን እንደነበረና ገንዘቡ ሲመጣ የጠበቀውን ደስታ ይዞ እንዳልመጣ የሚገልጽ ነው።

ከ‘ዎልፓርክ’ እስከ ‘ሶሻል ቼይን’

የመጀመሪያ ኩባንያው ‘ዎልፓርክ’ ይባል ነበር። ተማሪዎች ቤት፣ ዕቃና ሥራ የሚፈላለጉበት የኢንተርኔት ማስታወቂያ ሰሌዳ ነበር። ሐሳቡ ብዙም አልተራመደም። ስቲቨን ግን ድረ ገጹን ለተማሪዎች ሲያስተዋውቅ አንድ ነገር አስተዋለ።

በማኅበራዊ ሚዲያ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወጣቶች የሚከተሏቸው ገጾች የተማሪ ቀልድ፣ የእግር ኳስ ወሬና የጨዋታ ቪዲዮ እያወጡ ይውሉ ነበር። የገጾቹ ባለቤቶች በአብዛኛው ራሳቸው ወጣቶች ሲሆኑ፣ በእጃቸው ያለውን የሰው ትኩረት ወደ ገንዘብ የሚቀይሩበትን መንገድ አያውቁም ነበር። በሌላ በኩል ትልልቅ ድርጅቶች ቴሌቪዥን መመልከት እየተወ ያለውን ይህንን ትውልድ ለማግኘት ይቸገሩ ነበር።

በ2014 ስቲቨን ከዶሚኒክ ማክግሬገር ጋር ሆኖ ‘ሶሻል ቼይን’ን በማንችስተር መሠረተ። አሠራሩ ቀላል ነበር፦ ብዙ ተከታይ ያላቸውን ገጾች በአንድ ሰንሰለት ማያያዝ፣ ከዚያም አንድ መልእክት በአንድ ጊዜ በሁሉም እንዲሰራጭ ማድረግ። በደቂቃዎች ውስጥ አንድን ጉዳይ የብሪታኒያ ትዊተር መነጋገሪያ ማድረግ መቻላቸው የኩባንያው መታወቂያ ሆነ።

ድርጅቶች ገንዘብ የሚከፍሉት ለዚህ ኃይል ነበር። ‘ሶሻል ቼይን’ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በለንደን፣ በበርሊን እና በኒው ዮርክ ቢሮ ከፈተ።

የስቲቨንን ቀጣይ ሥራዎች ለመረዳት ይህ ወቅት ቁልፍ ነው። ፋብሪካ አልነበረውም፤ መሬት አልነበረውም፤ አዲስ የፈጠራ ባለቤትነትም አላስመዘገበም። የነገደው የሰዎችን ትኩረት ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራቸው ሥራዎችም በአብዛኛው በዚሁ መሠረት ላይ የቆሙ ናቸው።

‘ተመን’ እና ‘ገንዘብ’ አንድ አይደሉም

በ2019 ‘ሶሻል ቼይን’ ሉማላንድ ከተባለ የጀርመን የኢንተርኔት ችርቻሮ ኩባንያ ጋር ተዋሐደ። ‘ዘ ሶሻል ቼይን አጌ’ የተሰኘው አዲሱ ድርጅት በጀርመን የአክሲዮን ገበያ ተመዘገበ። ስቲቨን በዚያን ጊዜ 27 ዓመቱ ነበር።

በ2020 መጨረሻ ላይ ከኩባንያው ለቀቀ። እርሱ ከወጣ በኋላ በ2021 ድርጅቱ ‘ዲኤስ ግሩፐ’ የተባለውን ሌላ የጀርመን ንግድ ጠቀለለ፤ የገበያ ተመኑም በመቶ ሚሊዮኖች ደረሰ።

ስለ ስቲቨን በሚነገሩ ታሪኮች ውስጥ በብዛት የሚጠቀሰው ይኸው በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠረው ተመን ነው። ይሁንና ቁጥሩ የሚወክለው በርካታ የጀርመን የንግድ ድርጅቶችን የያዘውን አጠቃላይ ስብስብ ነው። በማንችስተር የተመሠረተው የማስታወቂያ ኩባንያ የዚህ ስብስብ አንድ ክፍል ብቻ ነበር።

የኋላ ታሪኩም ይህንን ልዩነት ያሳያል። በፌብሩዋሪ 2023 ‘ሶሻል ቼይን’ የተባለው የብሪታኒያው የማስታወቂያ ክፍል ‘ብሬቭ ባይሰን’ ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ፤ ይፋ የሆነው ዋጋም 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ደግሞ ጀርመናዊው እናት ኩባንያ ዕዳውን መክፈል አቅቶት የኪሳራ አቤቱታ አቀረበ። ስቲቨን በዚህ ጊዜ ከኩባንያው ከወጣ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

አንድ ኩባንያ ‘ይህን ያህል ሚሊዮን ያወጣል’ ሲባል መሥራቹ ያን ያህል ገንዘብ በባንክ አለው ማለት አይደለም። ተመን የሚሰላው ባለሀብቶች ለአንድ ድርሻ ለመክፈል ከተስማሙበት ዋጋ ተነሥቶ ነው። መሥራቹ የሚያገኘው ድርሻውን ሲሸጥ ብቻ፣ በሚሸጥበት ቀን ባለው ዋጋና በያዘው ድርሻ ልክ ነው። ድርሻውም አዲስ ባለሀብት በገባ ቁጥር እየቀነሰ ይሄዳል።

የ‘ድራጎኖቹ ዋሻ’ እንዴት ይሠራል?

ስቲቨንን ከንግዱ ዓለም ውጭ ያስተዋወቀው ‘ድራጎንስ ዴን’ ነው። ዝግጅቱ ከጃፓን የመጣ ነው። በ2001 በዚያች አገር ‘የገንዘብ ነብሮች’ በሚል መጠሪያ የተጀመረው ዝግጅት በ2005 በቢቢሲ ‘ድራጎኖች’ ሆኖ ቀረበ። በአሜሪካ ከ2009 ጀምሮ ‘ሻርኮች’፣ በጀርመን ከ2014 ጀምሮ ደግሞ ‘አንበሶች’ ተባለ። እንስሳው ቢለዋወጥም ሥርዓቱ አንድ ነው።

የንግድ ሐሳብ ያለው ሰው በባለሀብቶች ፊት ቆሞ የሚፈልገውን የገንዘብ መጠንና በምላሹ የሚሰጠውን ድርሻ ይናገራል። ባለሀብቶቹ ስለ ሽያጭ፣ ትርፍና ዕዳ በጥያቄ ያፋጥጡታል። የጠየቀውን ገንዘብ በሙሉ የሚሰጠው ካላገኘ ባዶ እጁን ይወጣል።

ለምሳሌ አንድ ሰው ለ12.5 በመቶ ድርሻ 50 ሺህ ፓውንድ ከተቀበለ፣ ድርጅቱ በ400 ሺህ ፓውንድ ተመነ ማለት ነው። ባለሀብቱ የሚያወጣው የራሱን ገንዘብ እንጂ የቴሌቪዥን ጣቢያውን አይደለም።

በስክሪን የሚታየው መጨባበጥ ግን የመጨረሻው ውል አይደለም። ከቀረጻው በኋላ የባለሀብቱ ጠበቆችና የሒሳብ ባለሙያዎች የድርጅቱን ሰነዶች ይመረምራሉ። በቴሌቪዥን ‘ተሳካ’ ከተባሉ ስምምነቶች ጥቂት የማይባሉት በዚህ ደረጃ ላይ ይፈርሳሉ።

ስቲቨን የተቀላቀለው በጃንዋሪ 2022 በተጀመረው 19ኛው ምዕራፍ ነው። ቴጅ ላልቫኒን ተክቶ ከፒተር ጆንስ፣ ከዴብራ ሚደን፣ ከቱከር ሱሌይማን እና ከሳራ ዴቪስ ጎን ተቀመጠ።

በዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ የመጀመሪያው ስደተኛ እርሱ አይደለም። ቱከር ሱሌይማን በልጅነቱ ከቆጵሮስ ወደ ብሪታኒያ የመጣ የልብስ ንግድ ባለሀብት ነው። ከ2007 ጀምሮ በዝግጅቱ ላይ ለዓመታት የታየው ጄምስ ካን ደግሞ በፓኪስታኗ ላሆር የተወለደ ሲሆን፣ ሀብቱን የገነባው በሠራተኛ ቅጥር ድርጅቶች ነው።

በሁለቱ እና በስቲቨን መካከል ያለው ልዩነት የትውልድ ነው። እነርሱ በልብስ እና በሠራተኛ ቅጥር ለአሥርተ ዓመታት ከሠሩ በኋላ ወደ ቴሌቪዥን መጡ። ስቲቨን ግን አስቀድሞ የራሱ ተመልካች ነበረው። አንድ ጀማሪ ነጋዴ ከእርሱ ጋር ሲዋዋል ከገንዘቡ ባልተናነሰ የሚፈልገው ይህንን ተመልካች ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው ማቻ ከተሰኘው የጃፓን አረንጓዴ ሻይ መጠጥ የሚሠራው ‘ፐርፌክትቴድ’ ነው። የድርጅቱ መሥራቾች በ2023 በዝግጅቱ ላይ ቀርበው ከሁሉም ባለሀብቶች የገንዘብ ግብዣ ቀረበላቸው። የመረጡት ግን ስቲቨንን እና ፒተር ጆንስን ነበር። ምርቱ ከዚያ በኋላ በፖድካስቱ ላይ ሲተዋወቅ ቆይቷል።

ባለሀብቱ ስቲቨን

ቬንቸር ካፒታል የሚባለው የመዋዕለ ንዋይ ዓይነት ከባንክ ብድር የተለየ ነው። ባንክ መያዣ ይጠይቃል፤ ብድሩም ከነወለዱ ይመለስለታል። ቬንቸር ካፒታል ግን ያለ መያዣ ገንዘብ ሰጥቶ ድርሻ ይወስዳል። ኩባንያው ከከሰረ ገንዘቡ አብሮ ይጠፋል፤ ካደገ ደግሞ ድርሻው ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ገንዘባቸው ከሚፈስባቸው ጀማሪ ኩባንያዎች ብዙዎቹ እንደሚወድቁ ባለሀብቶቹ አስቀድመው ያውቃሉ። ሒሳባቸው የተመሠረተው ጥቂቶቹ የሌሎቹን ኪሳራ በሚሸፍን መጠን ያድጋሉ በሚለው ግምት ላይ ነው።

ስቲቨን በሁለት መንገድ ይሠራል። አንደኛው የግል ገንዘቡን በቀጥታ ማፍሰስ ነው። ምግብን የሚተካ ዱቄትና መጠጥ በሚያመርተው ‘ሂውል’ ውስጥ የቦርድ አባል ነበር። ‘ዞይ’ በተባለው የሥነ ምግብ ኩባንያም ድርሻ አለው። ሁለተኛው ከሌሎች ባለሀብቶች ገንዘብ ሰብስቦ ጀማሪ ኩባንያዎችን የሚደግፈው ‘ፍላይት ፈንድ’ ነው።

በተጨማሪም በ2021 ‘ሰርድዌብ’ የተሰኘውን ኩባንያ ከሌላ የቴክኖሎጂ ባለሙያ ጋር መሠረተ። ኩባንያው የብሎክቼይን መተግበሪያዎችን ለሚሠሩ ሰዎች መሣሪያ ያቀርባል። በኦገስት 2022 24 ሚሊዮን ዶላር ከባለሀብቶች ሲያገኝ 160 ሚሊዮን ዶላር ተተምኗል። ገንዘቡን ከሰጡት መካከል ‘ኮይንቤዝ’ እና ‘ሾፒፋይ’ ይገኙበታል።

ፖድካስቱ፦ የሀብቱ ማዕከል

‘ዘ ዳያሪ ኦፍ ኤ ሲኢኦ’ በ2017 ሲጀመር ስቲቨን ብቻውን የሚናገርበት፣ የአንድ ወጣት ሥራ አስኪያጅ የድምፅ ማስታወሻ ነበር። ቀስ በቀስ ረጅም ቃለ መጠይቅ የሚካሄድበት መድረክ ሆነ። ሳይንቲስቶች፣ የፊልም ተዋንያን፣ ስፖርተኞችና የኩባንያ መሪዎች ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል።

በ2023 በዚሁ ስም 33 የንግድና የሕይወት ሕጎችን የያዘ መጽሐፍ አሳትሟል። በ2025 ደግሞ በዩቲዩብ ያሉት ተከታዮች ከ10 ሚሊዮን ተሻገሩ።

ይህ እድገት በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። ቡድኑ የእያንዳንዱን ቪዲዮ ርዕስና የፊት ገጽ ምስል በተለያየ መልክ አዘጋጅቶ የትኛው ብዙ ተመልካች እንደሚስብ ይፈትናል። ተመልካች በየትኛው ደቂቃ ላይ እንደሚሰላች ይመዘግባል። በ‘ሶሻል ቼይን’ ዘመን የተማረውን ትኩረት የመሳብ ጥበብ ወደ ቃለ መጠይቁ ይዞት ገብቷል ማለት ይቻላል።

ፖድካስቱ በማስታወቂያ ገቢ ያስገኛል። ከዚያ የሚልቀው ጥቅሙ ግን ስቲቨን ድርሻ የያዘባቸውን ኩባንያዎች በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ሰዎች ማስተዋወቅ መቻሉ ነው። ከእርሱ ላይ የቀረቡት ትችቶችም በአብዛኛው የሚነሡት ከዚሁ ነጥብ ነው።

አነጋጋሪ ጉዳዮች

የመጀመሪያው በጃንዋሪ 2024 ተከሠተ። በ‘ድራጎንስ ዴን’ ላይ የቀረበች አንዲት ሴት በጆሮ ላይ የሚለጠፉ ትናንሽ ዘለላዎችን ለመሸጥ ገንዘብ ጠየቀች። ኤምኢ ከተባለው፣ ሰውን ለዓመታት አልጋ ላይ ሊያውል ከሚችል ጽኑ የድካም ሕመም እንድታገግም ከረዷት ነገሮች መካከል ይህንን ሕክምና ጠቀሰች። ስድስቱም ባለሀብቶች ግብዣ አቀረቡላት። እርሷም የስቲቨንን 50 ሺህ ፓውንድ በ12.5 በመቶ ድርሻ ተቀበለች።

ዝግጅቱ በተላለፈ በቀናት ውስጥ ‘አክሽን ፎር ኤምኢ’ የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ቅሬታ አቀረበ። ለኤምኢ የታወቀ ፈዋሽ ሕክምና የለም። ታማሚዎችም ባልተረጋገጠ ተስፋ ገንዘባቸውን ሊያወጡ ይችላሉ የሚል ሥጋት ተነሣ። ቢቢሲ ክፍሉን ከኢንተርኔት ማሰራጫው ለጊዜው አንሥቶ፣ ማብራሪያ ጨምሮበት መለሰው።

ሁለተኛው በዚያው ዓመት ኦገስት ወር ላይ የመጣው የብሪታኒያ የማስታወቂያ ደረጃዎች ተቆጣጣሪ ውሳኔ ነው። ስቲቨን የ‘ሂውል’ን እና የ‘ዞይ’ን ምርቶች ሲያደንቅ የሚታይባቸው የፌስቡክ ማስታወቂያዎች በነበሩበት መልክ እንዳይሰራጩ ታገዱ። ምክንያቱም በ‘ሂውል’ የቦርድ አባል፣ በ‘ዞይ’ ደግሞ ባለድርሻ መሆኑ በማስታወቂያዎቹ ላይ አልተገለጸም።

የተቆጣጣሪው መከራከሪያ ለማንኛውም አንባቢ ግልጽ ነው። አንድ ሰው ‘ይህ ምርት ጥሩ ነው’ ሲል ተናጋሪው ከሽያጩ የሚጠቀም መሆን አለመሆኑ ለአድማጩ ውሳኔ ወሳኝ ነው። ያንን መደበቅ ባይታሰብም እንኳ አለመናገሩ ሸማቹን ያሳስታል።

ሦስተኛው በዲሴምበር 2024 የወጣው የቢቢሲ ወርልድ ሰርቪስ ምርመራ ነው። ምርመራው በጤና ላይ ያተኮሩ 15 የፖድካስቱን ክፍሎች ከባለሙያዎች ጋር ፈትሾ፣ በእያንዳንዱ ክፍል ውስጥ በአማካይ 14 ከሳይንሳዊ ማስረጃ ጋር የሚቃረኑና ጉዳት ሊያስከትሉ የሚችሉ አባባሎች ማግኘቱን አስታወቀ። ካንሰርን በአመጋገብ ማከም እንደሚቻል የሚገልጹ ንግግሮች ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ጠያቂው አብዛኞቹን አባባሎች እንዳልሞገተም ተገልጿል።

ፖድካስቱን የሚያዘጋጀው ‘ፍላይት ስቱዲዮ’ በበኩሉ እንግዶቹ የመናገር ነፃነት እንደሚሰጣቸውና ስለ እነርሱም አስቀድሞ ጥናት እንደሚደረግ በመግለጽ ተከላክሏል።

ሦስቱም ጉዳዮች አንድ ሥር አላቸው። በ‘ሶሻል ቼይን’ ዘመን የሚሸጠው ትኩረት ነበር፤ አሁን ግን ትኩረቱ ወደ እምነት ተቀይሯል። አድማጩ ስቲቨንን ለሰዓታት እያዳመጠ እንደ ወዳጅ ያየዋል፣ ቃሉንም እንደ ወዳጅ ምክር ይቀበላል። ንግግሩ ስለ ንግድ ሲሆን የተሳሳተ ምክር የሚያስከትለው ጉዳት ገንዘብ ነው። ስለ ካንሰር ወይም ስለ ጽኑ ሕመም ሲሆን ግን ጉዳቱ የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

ለአፍሪካ ወጣቶች ምን ይነግራል?

የ‘ድራጎንስ ዴን’ ዓይነት ዝግጅት ለምሥራቅ አፍሪካም እንግዳ አይደለም። በኬንያ ኬሲቢ ባንክ የደገፈው ‘ላየንስ ዴን’ በ2016 በቴሌቪዥን መተላለፍ ጀምሮ፣ የአገሬው ነጋዴዎች በአገራቸው ባለሀብቶች ፊት ቆመው ሐሳባቸውን የሚያቀርቡበት መድረክ ሆኖ ነበር።

ስቲቨን በአፍሪካ ምድር ተወልዶ፣ የአፍሪካዊት እናቱን የንግድ ትጋት እያየ አድጎ እዚህ መድረሱ ለብዙዎች ኩራት ነው። የእርሱን መንገድ ለመከተል የሚያስብ ወጣት ግን ሦስት ነገሮችን ለይቶ ቢያይ ይጠቀማል።

አንደኛ፣ ትምህርት ማቋረጡ ለስኬቱ ምክንያት አልነበረም። ምክንያቱ በወቅቱ ሌሎች ያላስተዋሉትን ክፍተት ማየቱና በዚያ ላይ ለዓመታት መሥራቱ ነው። ትምህርት አቋርጠው ያልተሳካላቸው ሰዎች መጽሐፍ አይጽፉም፤ ፖድካስት ላይም አይጋበዙም። ስለዚህ ከአንድ ሰው ታሪክ ተነሥቶ ‘ዩኒቨርሲቲ አያስፈልግም’ ብሎ መደምደም አደገኛ ነው። ብሪታኒያ ውስጥ ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት የሚያገኘው የገበያ፣ የካፒታልና የሕግ ከለላም በየአገሩ አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ስለ ሀብት የሚነገር ቁጥር ሲሰማ ‘የማን? መቼ? ተመን ነው ወይስ ጥሬ ገንዘብ?’ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የ‘ሶሻል ቼይን’ ታሪክ ይህንን በሚገባ ያሳያል።

ሦስተኛ፣ ምክር የሚሰጠው ሰው ከምክሩ ምን እንደሚያገኝ ማወቅ የአድማጭ መብት ነው። ይህ ለለንደን ፖድካስት ብቻ ሳይሆን በአማርኛ፣ በስዋሂሊ ወይም በሶማሊኛ በቲክቶክና በዩቲዩብ መድኃኒት፣ የውጭ ምንዛሪ ንግድ ወይም የክሪፕቶ ገንዘብ ለሚያስተዋውቅ ሁሉ የሚሠራ መመዘኛ ነው።

አሁን የት ይገኛል?

ስቲቨን በ2025 ፖድካስቱን፣ የመገናኛ ብዙኃን ድርጅቱንና የመዋዕለ ንዋይ ሥራዎቹን በአንድ ጥላ ሥር አሰባስቦ ‘ስቲቨን ዶት ኮም’ የሚል መጠሪያ ሰጣቸው። በዚያው ዓመት የውጭ ባለሀብቶች ገንዘብ ሲያፈሱበት ድርጅቱ 425 ሚሊዮን ዶላር ተተምኗል።

ይህም ቁጥር እንደ ቀደሙት ሁሉ ተመን ነው፤ በእጅ ያለ ገንዘብ አይደለም። ከዚህ በፊት ከነበሩት የሚለየው፣ የተተመነው ድርጅት የሚሸጠው ዋና ሀብት የአንድ ሰው ስም መሆኑ ነው። የድርጅቱ ዋጋ መጨመሩም ሆነ መቀነሱ አድማጮች በዚያ ስም ላይ ባላቸው እምነት ይወሰናል።